ጆሮ ከአንደበት ይቀድማል፦ ስለ ሰው ልጆች የመግባቢያ መንገዶች



ወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ በሰባተኛው ምዕራፍ መጨረሻ አንድ ታሪክ ይተርክልናል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዐሥሩ ከተሞች አገር ሲያልፍ መስማት የማይችል፣ አንደበቱም የተሳሰረ አንድ ሰው አመጡለት። ያመጡት ሰዎች የለመኑት እጁን እንዲጭንበት ብቻ ነበር። ጌታ ግን ከተለመነው በላይ አደረገ። በመጀመሪያ ሰውየውን ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው። ቀጥሎ ጣቶቹን ወደ ጆሮዎቹ አስገባ፤ በምራቁም ምላሱን ነካ። ከዚያም ወደ ሰማይ ተመለከተ፤ በረጅሙም ተነፈሰ። አንዲት ቃል የተናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እርስዋም በአራማይክ ቋንቋ «ኤፍታህ» የምትል፣ ትርጓሜዋም «ተከፈት» የሆነች ቃል ናት። ወዲያው ሰውየው ሰማ፤ አጥርቶም ተናገረ።

ይህን ንባብ ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ተአምራት ስናስተምር ነው። በዚህ እትም ግን በሌላ በኩል ልንመለከተው ወደድን። ሰው ከሰው ጋር የሚግባባባቸው መንገዶች ሁሉ በዚህች አጭር ታሪክ ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አብሮ መሆን አለ፤ መዳሰስ አለ፤ የዓይን አመለካከት አለ፤ ትንፋሽ አለ፤ ዝምታ አለ፤ ቃልም አለ። ደግሞም ቅደም ተከተል አላቸው። ጌታ መስማት ለማይችል ሰው ንግግር አላበዛበትም፤ ምን ሊያደርግለት እንደ ሆነ ሰውየው ሊረዳው በሚችለው ቋንቋ፣ ማለትም በእጅና በዓይን፣ አስቀድሞ ነገረው። ቃል በመጨረሻ መጣ። ጆሮውም ከምላሱ በፊት ተከፈተ።

የቋንቋችንን ቃላት ጠጋ ብለን ብንመረምራቸው ይህንኑ ያስተምሩናል። «መነጋገር» እና «መግባባት» አንድ አይደሉም። «መግባባት» ከ«ገባ» የወጣ ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው መግባት፣ ሌላውም ወደ እርሱ መግባት ማለት ነው። «መስማማት» ደግሞ ከ«ሰማ» ይወጣል፤ እርስ በርሳቸው ያልተደማመጡ ሰዎች ሊስማሙ እንደማይችሉ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። በላቲን ቋንቋም ቤተ ክርስቲያን ስለ መገናኛ የምትናገርበት ቃልና ቅዱስ ቁርባንን በኅብረት መቀበል የሚጠራበት ቃል ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ስንነጋገር ውለን ሳንግባባ የምናድርባቸውን ቀኖች ስናስብ ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቃ ታስተምራለች። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ በ1963 ዓ.ም. ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎች ድንጋጌ አወጣ፤ በዚያም መሠረት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅበራዊ መገናኛዎች ቀን በየዓመቱ ይከበራል። በ1971 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ክርስቶስን አብነት አድርጎ በማቅረብ መግባባትን ራስን ለሌላው ከመስጠት ጋር ያያይዘዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ለ2022 ዓ.ም. በዓል ያስተላለፉት መልእክት በልብ ጆሮ ስለ ማዳመጥ የሚናገር ነበር። እነዚህ ሰነዶች ስለ ጋዜጣ፣ ስለ ሬዲዮና ስለ ቴሌቪዥን ብቻ የሚናገሩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ መሠረታቸው ግን በቤታችን፣ በገበታችን ዙሪያ ያለው መደማመጥ ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ሕዝባችን በሰላምታ አይታማም። ሁለት ሰዎች በተገናኙ ጊዜ እንደምን አደርክ፣ ቤተ ሰብ እንደምን ነው፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ እየተባባሉ ይጠያየቃሉ፤ መልሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህ የተባረከ ልማድ ነው፤ በችግር መካከልም አምላክን ማመስገን ታላቅ እምነት ነው። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ይኸው መልስ በር መዝጊያ ይሆናል። ልጁ የታመመበት፣ ዕዳ ያስጨነቀው፣ ከወንድሙ ጋር በመሬት የተካሰሰ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል፤ ጠያቂውም መልሱን ሳይጠብቅ እጁን ለሌላ ሰው ዘርግቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ የሚመለከት ሰው ይህን በየሳምንቱ ያያል። ሰላምታው ሙሉ ነው፤ ጥያቄው ግን ጥያቄ አልነበረም።

ዝምታም ቋንቋ ነው፤ ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሳያስቡ ከመናገር መታገሥ መልካም እንደ ሆነም አንክድም። ነገር ግን ኩርፊያ የሚባል ዝምታ አለ፤ ይህ በእርግጥ ይነቅዛል። ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ፣ ከአንድ መሶብ እየበሉ ሳምንት፣ ወር፣ ከዚያም በላይ ሳይነጋገሩ ይቆያሉ። ጉዳይ ሲኖራቸው ልጃቸውን መልእክተኛ ያደርጋሉ። «ለአባትህ እንግዳ መጥቷል በለው» ትላለች እናት፤ አባት እዚያው ተቀምጦ እየሰማ ነው። «ለእናትህ ነገ መንገድ እሄዳለሁ በላት» ይላል አባት፤ እናትም ትሰማለች። ልጁ በመካከላቸው ቆሞ የሁለቱንም ቃል ይሸከማል፤ ዕድሜው ገና ሰባት ወይም ስምንት ይሆናል። ባለትዳሮችን በማስታረቅ የምናገለግል ካህናትና ሽማግሌዎች እንደምናየው፣ ብዙዎቹ የጠቡን መነሻ ረስተውታል፤ የሚያስታውሱት ማን አስቀድሞ እንደ ዘጋ ብቻ ነው። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ስለ ምሥጢረ ተክሊል ክብር ረጅም ትምህርት መስጠት ብዙ አይጠቅምም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ያንን ልጅ ከመልእክተኛነት ማሳረፍ ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው ፊቱን መልሶ «እራት ቀርቧል» ቢል እንኳ የዕርቅ መጀመሪያ ይሆናል።

በለቅሶ ቤት ያለው ዝምታ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። የጻድቁ ኢዮብ ሦስት ወዳጆች መከራውን ሰምተው በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃልም አልተናገሩትም። መልካም ወዳጆች ነበሩ ማለት የሚቻለው እስከዚያ ድረስ ነው፤ መናገር ከጀመሩ በኋላ ያደረጉትን መጽሐፉን ያነበበ ያውቀዋል። የእኛ ሰው ለቅሶ ሲደርስ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ሌላ ቃል አይጠበቅበትም። መምጣቱና መቀመጡ ራሱ ንግግር ነውና።

ስለ ለቅሶ ካነሣን መርዶን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም፤ አባቶቻችን ስለ መግባባት የነበራቸው ጥበብ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ይታያልና። የቅርብ ዘመዱ በሩቅ አገር የሞተበት ሰው በመንገድ ላይ ወይም በሥራ ቦታው ድንገት አይነገረውም። የሚቀርቡት ሰዎች በምሥጢር ይመካከራሉ፤ ማን እንደሚናገር ይወስናሉ፤ በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ተሰብስበው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። ዕድሜ የጠገበና ልበ ጽኑ የሆነው ሰው ይናገራል፤ የተቀሩት ሊደግፉት፣ አብረውትም ሊያለቅሱ ተዘጋጅተው ይቆማሉ። ሰውየው በሩን ከፍቶ ሁሉንም በአንድነት ባየ ጊዜ ገና ምንም ሳይነገረው ነገሩን ያውቀዋል። ልብ በሉ፤ ወሬው ትንሽ ዘግይቷል፤ ነገር ግን የደረሰው ከሚደግፉት እጆች ጋር ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን ሥርዓት ይዘው ሄደዋል፤ ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ መኪና ነድተው፣ በማለዳ በር የሚያንኳኩ አሉ።

ዛሬ ግን ይህ ሥርዓት እየፈረሰ ነው። ሰው በሞተ በሰዓቱ ፎቶግራፉ ከሻማ ምስል ጋር በስልክ ይለጠፋል። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ወጥ ቤት ቆማ ሳለች ስልኳን ከፍታ የእናቷን ሞት ታያለች። ወሬው እውነት ነው፤ ፈጣንም ነው፤ የሚይዛት ግን የለም፤ አሠሪዋም የምሳ ሰዓት ደርሷል ትላታለች። የለጠፈው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ኀዘኑን ሊገልጽ ፈልጎ ነው። ስለዚህ አንባብያንን አጥብቀን የምንለምነው ይህን ነው፦ የሟችን ፎቶግራፍ ከማውጣታችሁ በፊት በሩቅ ያሉት ልጆች መስማታቸውን አረጋግጡ። ካልሰሙም በዚያ አገር ያለ ዘመድ፣ ወዳጅ ወይም ካህን ፈልጋችሁ እንዲደርስላቸው አድርጉ። አንድ ቀን መታገሥ የሟቹን ክብር አይቀንስም።

ይህን ስንል ስልክን ልንኮንን አልተነሣንም። ቀድሞ ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ ይላክ ነበር፤ ማንበብ የማትችል እናትም ለጎረቤት ልጅ ታስነብበው ነበርና የቤቷ ምሥጢር በሰው አፍ ይገባ ነበር። ዛሬ የልጇን ድምፅ በገዛ ጆሮዋ ትሰማለች፤ ፊቷንም ታያለች። ይህ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ይሁን እንጂ የብዙዎችን ጥሪ ብንመለከት ከዚያ በኩል «ገንዘቡ ደረሰ ወይ?» ይባላል፤ ከዚህ በኩል «ደርሷል፣ ተባረኪ» ይባላል፤ ጣሪያው፣ የወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ ይነሣል፤ ያበቃል። ልጅቷ እንቅልፍ ስለምታጣበት ሌሊት አትናገርም፤ እናትም ስለ ሕመሟ አትናገርም። ሁለቱም እንዳይተካከዙ ይተሳሰባሉ። ይህ መሸሸግ ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ ልንወቅሰው አንደፍርም። ቢሆንም በወር አንድ ጊዜ እንኳ ገንዘብ የማይነሣበት ጥሪ ቢኖር፣ እናትም «አንቺስ እንደምን ነሽ?» ብላ መልሱን ጠብቃ ብታዳምጥ፣ ያቺ ልጅ ገንዘብ ላኪ ብቻ ሳትሆን ልጅ መሆኗን ታስታውሳለች።

ስለ ቃል ስንናገር የአማርኛችንን አንድ ጠባይ ማንሣት ይገባናል። ሰምና ወርቅ የሊቃውንቶቻችን ጌጥ ነው፤ በቅኔ ቤት ያማረው ነገር ግን ወደ ቤተ ሰብ ሲወርድ አሽሙር ይሆናል። ምራት በአማቷ ፊት ለድመቷ ትናገራለች፤ ጎረቤት በጎረቤቱ አጥር አጠገብ ለውሻው ይናገራል። የተነካው ሰው ቢጠይቅ «ለአንተ አልተናገርሁም» ይባላል። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ በሄደ ጊዜ እርሱም አንዲት በግ ብቻ ስለ ነበረችው ድሃ ሰው በምሳሌ ጀመረ። ነገር ግን በምሳሌ አላበቃም፤ ንጉሡ በፈረደ ጊዜ ሰውየው እርሱ ራሱ መሆኑን ፊት ለፊት ነገረው። ምሳሌው በሩን ለመክፈት ነበር፤ አሽሙር ግን ወርውሮ ለመሸሽ ነው። ሐሜትም እንዲሁ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ስለ ሰው ሲወራ ይዋላል፤ ለሰውየው ለራሱ ግን አንድም ቃል አይደርሰውም። ስለዚህ ብዙ አንጨምርም፤ የሚያስፈልገውን ሁሉም ያውቃል።

በአገራችን ቃልን ከልብ ጋር አጣምሮ ስለ መናገር ካስተማሩን አባቶች አንዱ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በተለምዶ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ናቸው። በ1839 ዓ.ም. ዐድዋ ከገቡ በኋላ ቋንቋ በመማርና ከሰው ጋር በመተዋወቅ ቆዩ። በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር ለጥቂት አድማጮች ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግር አፍን በልብ በር፣ ቃልንም በቁልፍ መስለው፣ የልባቸውን ቁልፍ ለአድማጮቻቸው እንደሚሰጡ ገለጡ። በዘመኑ በዕውቀታቸው የታወቁት ብፁዕ ገብረ ሚካኤል በ1841 ዓ.ም. ወደ ግብፅና ወደ ሮም በተደረገው ጉዞ ከእርሳቸው ጋር ነበሩ፤ የካቶሊክ እምነትን የተቀበሉት ግን በ1844 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የነበረው ጊዜ በከንቱ የባከነ አልነበረም። እንደ እርሳቸው ያለ ሊቅ በአንድ ስብከት የሚረታ አልነበረምና፤ አብሮ መጓዝ፣ አብሮ መብላት፣ መጠየቅና መመርመር ያስፈልግ ነበር።

ለእናንተ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ ከኤማሁስ መንገድ የሚበልጥ ትምህርት ቤት አናውቅም። ከሞት የተነሣው ጌታ ወደ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ቀረበ፤ ከእነርሱም ጋር ተራመደ፤ ስለ ምን እንደሚነጋገሩም ጠየቃቸው። በኢየሩሳሌም የሆነውን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሆኖም እነርሱ በገባቸው መጠን፣ ተስፋ መቁረጣቸውንም ጭምር እስኪናገሩ ድረስ አዳመጣቸው። መጻሕፍትን የተረጐመላቸው ከዚያ በኋላ ነው። እርሱ መሆኑን ያወቁት ደግሞ ከትርጓሜውም በኋላ፣ እንጀራውን በቆረሰ ጊዜ ነው። በየሰንበቱ ለሕፃናት የምናስጠናው የጥያቄና መልስ ትምህርት የሚናቅ አይደለም፤ በቃል የተያዘ እውነት በችግር ቀን ይጠቅማል። ነገር ግን አንድ ልጅ መልሱን ሳይሳሳት ስለ ወጣው ብቻ ገብቶታል አንበል። ትምህርቱን ከመጀመራችሁ በፊት ዐሥር ደቂቃ ያህል ልጆቹ ስለ ሳምንታቸው እንዲናገሩ ብትፈቅዱላቸው፣ እግዚአብሔር አባት ነው ስትሉ አባቱ የሚደበድበው ልጅ ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ።

በመጨረሻ ወደ ተነሣንበት ሰው እንመለሳለን፤ እርሱን የመሰሉ ልጆች በየቁምስናችን አሉና። መጽሐፍ ቅዱሳችን «ደንቆሮ» ብሎ የተረጐመው ቃል በአፋችን ስድብ ሆኖ፣ «አላዋቂ» የሚለውን ትርጉም ይዞ ቀርቷል። በዚህም ምክንያት ጆሮው የማይሰማ ልጅ ልቡም የማይረዳ ይመስለናል። አንዳንድ ወላጆች በኀፍረት በቤት ያስቀምጡታል፤ እሑድ ሌሎቹ ልጆች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ እርሱ ቤት ጠባቂ ይሆናል፤ ለቀዳሜ ቁርባን የሚዘጋጁት ሲመዘገቡ ስሙን የሚጠራ የለም። በሉቃስ ወንጌል መጀመሪያ ላይ ያለውን የካህኑን የዘካርያስን ታሪክ እናስታውስ፤ አንደበቱ በተዘጋ ጊዜ ዘመዶቹ በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም የልጁን ስም በሰሌዳ ጽፎ መለሰላቸው። ቤተ ሰቡ ሌላ መንገድ ፈለገ እንጂ አልተወውም።

ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘሳልስም እንዲሁ አደረገ። ገና ወጣት ካህን ሳለ በሻብሌ አውራጃ ሕዝቡ ስብከቱን ሊሰማ ባልወደደ ጊዜ ትምህርቱን በወረቀት እየጻፈ በየበሩ ሥር ያስገባ ነበር፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛም በ1923 ዓ.ም. የካቶሊክ ጸሐፍት ጠባቂ አድርገው ሰይመውታል። ይኸው ቅዱስ በኋላ የጄኔቭ ጳጳስ ሆኖ መስማትና መናገር የማይችል አንድ ወጣት አገኘ። በሥራ የተጨናነቀ ጳጳስ ነበር፤ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሊሰጠው ይችል ነበር። እርሱ ግን ራሱ በምልክት ትምህርተ ክርስቶስን አስተምሮ ለቅዱስ ቁርባን አበቃው።

የቤተ ክርስቲያን ሕግም መንገዱን አልዘጋም። የላቲን ሥርዓት ቀኖና ቁጥር 990 ማንም ሰው በአስተርጓሚ አማካይነት ከመናዘዝ እንደማይከለከል ይደነግጋል፤ አስተርጓሚውም የሰማውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ስሙን ለቁምስናችሁ ካህን አስታውቁ። ከመምህራኑም መካከል የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ፣ ወይም ለመማር ፈቃደኛ የሆነ ቢኖር እንዲሁ ያስታውቅ። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ድረስም ልጁን እሑድ ይዛችሁት ኑ፤ በቅዳሴ ጊዜ የካህኑን እጆችና መሠዊያውን ማየት ከሚችልበት ከፊት ቦታ ይሰጠው።